በሽንት የፊኛ ካንሰርን ማወቅ፦ ምርመራው የሚናገረውና የማይናገረው

«ካንሰርን በሽንት ብቻ ማወቅ ተቻለ» የሚል ዜና በማኅበራዊ ሚዲያ በየጊዜው ብቅ ይላል። ዜናው ሐሰት አይደለም። የሽንት ፊኛ ካንሰር ሽንት ውስጥ የሚተዋቸውን ምልክቶች የሚፈልጉ ምርመራዎች አሉ፤ ከእነዚህ አንዳንዶቹ ከአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ፈቃድ ካገኙ ከ20 ዓመት በላይ ሆኗቸዋል። ችግር የሚፈጠረው ወሬው ደሴ፣ ወልድያ ወይም ከሚሴ ሲደርስ ነው። በጤና ጣቢያ ተራ የሽንት ምርመራ አድርጎ «ምንም የለብህም» የተባለ ሰው ከካንሰርም ነጻ ነህ የተባለ ይመስለዋል። ሽንቱ ደም የቀላቀለበት ሌላ ሰው ደግሞ «ያ አዲሱ ምርመራ እዚህ እስኪገባ ልጠብቅ» ብሎ ወራት ያሳልፋል። ሁለቱም ስሕተት ነው፤ ሁለቱም በሽታውን ለመታከም በሚያመች ጊዜ ከመያዝ ያዘገያል።

ከእነዚህ ምርመራዎች ሁሉ የሚቀድመው ምልክት ማንኛውም ሰው ያለ መሣሪያ የሚያየው ደም ነው። የምርመራዎቹ ጥቅምና ገደብ በቅጡ የሚገባን ከደሙ ተነስተን ስናያቸው ነው።

በአንድ ስም የሚጠሩ ሦስት ምርመራዎች

«የሽንት ምርመራ» ሲባል ብዙ ሰው የሚያውቀው በየጤና ጣቢያው የሚሠራውን ነው። የላብራቶሪ ባለሙያው ዲፕስቲክ የሚባለውን፣ ቀለም የሚቀይር ቀጭን ወረቀት ሽንቱ ውስጥ ይነክራል፤ ከዚያም ዝቃጩን በማይክሮስኮፕ ያያል። ይህ ምርመራ ስኳርን፣ ፕሮቲንን፣ የኢንፌክሽን ምልክትንና የደም ሴሎችን ያሳያል። ካንሰርን የሚፈልግ ምርመራ ግን አይደለም። ደም ካገኘ ለሐኪሙ መነሻ ይሰጠዋል፤ ከዚያ አያልፍም። በተጨማሪም ከፊኛ ዕጢ የሚወጣ ደም ሁልጊዜ የሚፈስ አይደለም። አንድ ቀን ታይቶ ለሳምንታት፣ አንዳንዴም ለወራት ሊጠፋ ይችላል። ስለዚህ ደሙ በቆመበት ቀን የተሰጠ ሽንት «ንጹሕ» መባሉ ባለፈው ሳምንት የታየውን ደም አይሽረውም።

ሁለተኛው ሳይቶሎጂ ነው፤ ከፊኛው ግድግዳ ተላቀው በሽንት የሚወጡ ሴሎችን የፓቶሎጂ ሐኪም ቀለም ቀብቶ በማይክሮስኮፕ የሚመረምርበት ዘዴ። ለማሕፀን በር ካንሰር በሚደረገው የፓፕ ምርመራ ስሙ የሚታወቀው ጆርጅ ፓፓኒኮላው ይህን ዘዴ ለሽንት የተጠቀመበትን ሥራ ከባልደረባው ጋር ያሳተመው እ.ኤ.አ. በ1945 ነበር። ሳይቶሎጂ ዛሬም ያገለግላል። «ካንሰር አለ» ካለ አብዛኛውን ጊዜ አለ። «አላየሁም» ማለቱ ግን ዋስትና አይሆንም፤ ቀስ ብለው የሚያድጉ ዕጢዎች ሴሎች ከጤነኛ ሴል ብዙም ስለማይለዩ ከዓይን ያመልጣሉ።

በዜና የሚነሳው ሦስተኛው ነው፤ ቲዩመር ማርከር፣ በአማርኛ የዕጢ ጠቋሚ ልንለው የምንችለው። ሽንት ውስጥ ያለን ፕሮቲን፣ ክሮሞዞም ወይም የዘረመል ቁራጭ ይለካል።

ጠቋሚዎቹ ምን ያያሉ?

ፊኛ ከሌሎች የሰውነት ክፍሎች ለየት የሚያደርገው አንድ ነገር አለው፤ ዕጢው የሚበቅለው ሽንቱ በቀጥታ በሚነካው የውስጥ ግድግዳ ላይ ነው። ዕጢው የሚያራግፈው ሴልና የሚያመነጨው ፕሮቲን ሁሉ በሽንቱ ይታጠባል። ለዚህም ነው ተመራማሪዎች ከሌላ ካንሰር ይልቅ በዚህኛው ላይ የሽንት ምርመራ ተስፋ የጣሉት። ሐሳቡ ጥሩ መሠረት አለው። አስቸጋሪው ሌሎች በሽታዎችም ያንኑ ፕሮቲን ሽንት ውስጥ መልቀቃቸው ነው።

ኤን ኤም ፒ 22 የተባለው ጠቋሚ የሴል ኒውክለስ ውስጥ ያለ ፕሮቲን ነው። ሴል ሲሞት ወደ ሽንት ይወጣል፤ የካንሰር ሴሎች ደግሞ ከጤነኛ ሴሎች እጅግ የበለጠ መጠን ይይዛሉ። ምርመራው እንደ እርግዝና ምርመራ በትንሽ ካሴት ላይ ጥቂት የሽንት ጠብታ አድርጎ በግማሽ ሰዓት ገደማ ውጤት የሚሰጥ ዓይነትም አለው። ነገር ግን ሴል የሚሞተው በካንሰር ብቻ አይደለም። የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን፣ የፊኛ ጠጠር፣ በቅርቡ ፊኛ ውስጥ የገባ መሣሪያ፣ ሁሉም ሴል ይገድላሉ፤ ውጤቱንም «ፖዘቲቭ» ያደርጋሉ።

ቢ ቲ ኤ የተባለው ደግሞ ለካንሰር ሴሎች ከሰውነት መከላከያ መሸሸጊያ የሚሆን ፕሮቲን ይፈልጋል። የዚህ ድክመት ይበልጥ ከባድ ነው። በጣም የሚመሳሰል ፕሮቲን በማንኛውም ጤነኛ ሰው ደም ውስጥ አለ። ስለዚህ ሽንት ውስጥ ደም በገባ ቁጥር፣ ምክንያቱ ጠጠርም ይሁን ኢንፌክሽን፣ ምርመራው ሊሳሳት ይችላል። ምርመራው የሚያስፈልገው ግን በዋናነት ሽንቱ ደም ለቀላቀለበት ሰው ነው!

ሦስተኛው ወገን ክሮሞዞም ይቆጥራል። ዩሮቪዥን የሚባለው ምርመራ በሽንት ውስጥ ባሉ ሴሎች ላይ የ3ኛው፣ የ7ኛውና የ17ኛው ክሮሞዞም ትርፍ ቅጂዎች መኖራቸውን፣ ከ9ኛው ደግሞ አንድ ክፍል መጥፋቱን በሚያበራ ቀለም ይፈልጋል። ከፕሮቲኖቹ ይልቅ በደምና በኢንፌክሽን አይታለልም፤ ነገር ግን ልዩ ማይክሮስኮፕና የሠለጠነ ባለሙያ ይጠይቃል።

ቅርብ ጊዜ የመጡት የዘረመል ምርመራዎች ናቸው። ሲ ኤክስ ብላደር የአምስት ጂኖችን መልእክት፣ በሳይንሱ አር ኤን ኤ የሚባለውን፣ ይለካል። ኤክስፐርት ብላደርም እንዲሁ አምስት ይለካል፤ ወደ እሱ እንመለሳለን። ብላደር ኤፒቼክ ደግሞ ዲ ኤን ኤ ላይ የሚለጠፉ ኬሚካላዊ ምልክቶችን በ15 ቦታ ያነባል። እነዚህ ከቀደሙት የተሻሉ ናቸው። ይሁን እንጂ አንዳቸውም ፊኛውን በቀጥታ ከማየት ነጻ አላወጡንም።

ፊኛን በቀጥታ ማየት ማለት ሲስቶስኮፒ ነው። ጫፉ ላይ መብራትና ካሜራ ያለው ቀጭን ቱቦ በሽንት መውጫ በኩል ይገባል፤ ሐኪሙም የፊኛውን ግድግዳ ዞሮ ያያል። ተጣጣፊው ዓይነት በማደንዘዣ ጄል በደቂቃዎች ያልቃል፤ ጠንካራው የብረት ዓይነት ግን ብዙ ጊዜ ከወገብ በታች ማደንዘዝ ይፈልጋል። ማንም የማይወደው፣ በተለይ ለወንዶች የሚያሳፍርና የሚያስፈራ ምርመራ ነው። የሽንት ጠቋሚዎች ተስፋ የሚደረግባቸው ይህን ለመቀነስ መሆኑ የሚያስነቅፍ አይደለም።

ቁጥሮቹ ሲፈቱ

ማንኛውም ምርመራ በሁለት መመዘኛ ይለካል። አንዱ በሽታው ካለባቸው ሰዎች ስንቱን እንደሚይዝ ነው፤ በሕክምናው ቋንቋ ሴንሲቲቪቲ ይባላል። ሌላው በሽታው ከሌለባቸው ስንቱን በትክክል «የለብህም» እንደሚል ነው፤ እሱም ስፔሲፊሲቲ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2005 በአሜሪካ ሕክምና ማኅበር ጆርናል የታተመ አንድ ትልቅ ጥናት ሁለቱንም ጎን ለጎን አስቀምጧል። ለካንሰሩ የሚያጋልጥ ሁኔታ ወይም ምልክት ያላቸው 1,331 ሰዎች ተመረመሩ፤ 79ኙ ካንሰር ተገኘባቸው። የኤን ኤም ፒ 22 ካሴት ከ79ኙ 44ቱን ያዘ፤ 55.7 በመቶ ማለት ነው። ሳይቶሎጂ የያዘው 15.8 በመቶውን ብቻ ነበር። ካንሰር የሌለባቸውን በትክክል በመለየት ግን ነገሩ ተገለበጠ፤ ሳይቶሎጂ 99.2 በመቶ፣ ካሴቱ 85.7 በመቶ። በዚሁ ጥናት ሲስቶስኮፒ መጀመሪያ ያላያቸውን 4 ካንሰሮች ካሴቱ ጠቁሟል፤ ከእነሱም 3ቱ ወደ ጡንቻ የዘለቁ ነበሩ። ፊኛን በዓይን ማየትም ፍጹም እንዳልሆነ ይህ ያስረዳል። በተለይ ግድግዳው ላይ ተነጥፎ የሚያድገው ጠፍጣፋ ካንሰር በተራ ብርሃን ቀይ ቁስል ብቻ መስሎ ሊታለፍ ይችላል፤ ሳይቶሎጂ የሚጠቅመውም እዚህ ላይ ነው።

85.7 በመቶ ትልቅ ቁጥር ይመስላል። በአንድ የወሎ ከተማ ምንም ምልክት የሌላቸው 1,000 ሰዎች ቢመረመሩ፣ ለስሌት ያህልም ከመካከላቸው 2ቱ ካንሰር አለባቸው እንበል። ምርመራው ከ2ቱ 1ዱን ይይዛል። ካንሰር ከሌለባቸው 998 ሰዎች ግን 143 ያህሉን «ፖዘቲቭ» ይላቸዋል። 144 ሰው ይደነግጣል፤ 144 ሰው ሲስቶስኮፒ ይፈልጋል፤ በሽተኛው ግን 1 ነው። ሌላው በሽተኛ ደግሞ «ነጻ ነህ» ተብሎ ወደ ቤቱ ሄዷል። እ.ኤ.አ. በ2011 የአሜሪካ የመከላከል ሕክምና ግብረ ኃይል ምልክት የሌላቸውን ሰዎች ለፊኛ ካንሰር መመርመር የሚያስገኘውን ጥቅምና ጉዳት ለመመዘን ማስረጃው በቂ አይደለም ያለው ከዚህ ሒሳብ የራቀ አልነበረም። «ለሁሉም ሰው ቅድመ ምርመራ» የሚል ማስታወቂያ ሲመጣ ይህ ስሌት ሊታወስ ይገባል።

አሁን ደግሞ ሽንታቸው በዓይን የሚታይ ደም ያሳየ 1,000 አዋቂዎችን እንውሰድ። በሌላው ዓለም ክሊኒኮች ከእንዲህ ያሉ ሕሙማን ከ10 እስከ 20 በመቶው ካንሰር ይገኝባቸዋል፤ መካከሉን ወስደን 150 እንበል። ያው ካሴት 84ቱን ይይዛል፤ 66ቱን ይስታል። «ኔጋቲቭ» ከተባሉት 794 ሰዎች 66ቱ ካንሰር አለባቸው፤ ከ12 ሰው 1 ማለት ነው። ሽንቱ ቀይ የሆነ ሰው በእንዲህ ያለ ውጤት ተጽናንቶ ሊቀር አይገባም። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣ የጥናቶች ዳሰሳ ልዩ ልዩ ጠቋሚዎች ካንሰርን የመያዝ አቅማቸው ከ57 እስከ 82 በመቶ፣ ጤነኛን የመለየት አቅማቸው ከ74 እስከ 88 በመቶ እንደሆነ አሳይቷል። ከተሻለው ጋር እንኳ ብናሰላ የሚያመልጡት ቀላል ቁጥር አይሆኑም።

ወሎ ውስጥ ደም የቀላቀለ ሽንት

ቀይ ሽንት ሁሉ ካንሰር አይደለም። ብዙውን ጊዜ ኢንፌክሽን፣ ጠጠር ወይም የፕሮስቴት ዕብጠት ነው። ቀይ ሥር የበላ ሰው ሽንቱ ይቀላል፤ የቲቢ መድኃኒት ሪፋምፒሲን የሚወስድ ሰው ሽንቱ ብርቱካንማ ይሆናል። የሚያሳስበው ሕመም የሌለበት ደም ነው። ሳያቃጥል፣ ሳያተኩስ፣ ድንገት ይመጣል፤ በራሱም ይቆማል። መቆሙም ሰውን ያታልላል። «ብርድ ነበር፣ ለቀቀኝ» ይባላል፤ ወይም ከመድኃኒት ቤት የተገዛ አንቲባዮቲክ እንዳዳነው ይታመናል። በሴቶች ላይ ደግሞ ከወር አበባ ጋር ይምታታል፤ በተደጋጋሚም እንደ ኢንፌክሽን ይታከማል። በብዙ አገሮች ሴቶች ከወንዶች ዘግይተው በሽታው የሚታወቅባቸው በዚህ ምክንያት ጭምር ነው። ኢንፌክሽን ተብሎ ከታከመ በኋላ ደሙ ተመልሶ ከታየ፣ ሌላ አንቲባዮቲክ ከመጨመር በፊት ፊኛው ሊታይ ይገባል።

በወሎ የተለየ ማብራሪያ የሚያስፈልገው የቢልሃርዚያ ጉዳይ ነው። ቢልሃርዚያ የፊኛ ካንሰር እንደሚያመጣ ይነገራል። እውነት ነው፤ ግን ስለ የትኛው ቢልሃርዚያ ነው የምንናገረው? ኢትዮጵያ ውስጥ ሁለት ዓይነት አለ። በከሚሴ፣ በሐርቡ፣ በሐይቅና በአካባቢው ወንዞችና ሐይቆች የሚታወቀው ሺስቶሶማ ማንሶኒ ነው። ይህ አንጀትንና ጉበትን ይጎዳል፤ ዕንቁላሉ የሚወጣው በዓይነ ምድር ነው። ፊኛን የሚያጠቃው ሌላው፣ ሺስቶሶማ ሄማቶቢየም፣ አገራችን ውስጥ በጥቂት ቆላማ ቦታዎች የተወሰነ ነው፤ ከእነሱም አንዱ በምሥራቅ በኩል ያለው የመካከለኛውና የታችኛው አዋሽ ሸለቆ ነው። የዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በ1994 በሰው ላይ ካንሰር እንደሚያመጣ ያረጋገጠው ይህን ሁለተኛውን ነው። ስለዚህ በቦርከና ውኃ ዋኝቶ ቢልሃርዚያ የያዘው የከሚሴ ልጅ መታከም አለበት፤ ነገር ግን ቤተሰቡ በፊኛ ካንሰር ስጋት ሊጨነቅ አይገባም። በአንጻሩ ከወሎ ደጋ ወርዶ በአሚባራና በመልካ ወረር የጥጥ እርሻዎች የሠራ ሰው ሽንቱ ደም ካሳየ፣ የት እንደሠራ ለሐኪሙ መንገር አለበት፤ ሐኪሙም መጠየቅ አለበት። የሄማቶቢየም ዕንቁላል በብዛት የሚወጣው እኩለ ቀን አካባቢ በሚሸና ሽንት ስለሆነ በማለዳ የተሰጠ ናሙና ሊያመልጠው ይችላል።

ይህ ከጠቋሚዎቹ ጋር በቀጥታ ይገናኛል። ሄማቶቢየም ለዓመታት የፊኛውን ግድግዳ ሲያቆስል የሚያስከትለው ካንሰር በብዛት ስኩዌመስ የሚባለው ዓይነት ነው። በአውሮፓና በአሜሪካ ከ10 የፊኛ ካንሰሮች 9ኙ ዩሮቴሊያል የሚባለው ሌላ ዓይነት ሲሆን ጠቋሚዎቹም የተሠሩትና የተፈተኑት በአመዛኙ በእሱ ላይ ነው። በዚያ ላይ ቢልሃርዚያው ራሱ ደምና ቁስለት ስለሚያመጣ የፕሮቲን ጠቋሚዎችን «ፖዘቲቭ» ያደርጋል። በሌላ አገር ሕሙማን ላይ የተገኘን መቶኛ ቀድቶ ከአዋሽ ለተመለሰ ሠራተኛ መንገር ተገቢ አይሆንም።

የቀሩት መንስኤዎች የታወቁ ናቸው። ከሁሉ የሚበልጠው ትምባሆ ነው፤ ትምባሆ በብዛት በሚጨስባቸው አገሮች ከፊኛ ካንሰሮች ግማሽ ያህሉ ከእሱ ጋር ይያያዛል። በሳንባ የገባው መርዝ በኩላሊት ተጣርቶ ፊኛ ውስጥ ለሰዓታት ይቆያልና። በጫት መቃሚያ ላይ ብቻ የሚያጨስ ሰው ራሱን አጫሽ ብሎ ላይቆጥር ይችላል፤ ሐኪም ሲጠይቀው ግን ይህንንም ሊናገር ይገባል። የሥራ ቦታ ኬሚካልም አለ። ጀርመናዊው ቀዶ ሐኪም ሉድቪግ ሬን በቀለም ፋብሪካ ሠራተኞች ላይ የፊኛ ዕጢ እንዳየ የገለጸው እ.ኤ.አ. በ1895 ነበር። ጥፋተኞቹ አሮማቲክ አሚን የሚባሉ ኬሚካሎች መሆናቸው ኋላ ታወቀ። ካንሰሩ ለኬሚካሉ ከተጋለጡ ከ20 ዓመት በኋላም ሊመጣ ስለሚችል፣ በቀለም፣ በቆዳ ወይም በጎማ ሥራ ዕድሜውን ያሳለፈ ጡረተኛ የቀድሞ ሥራውን መጥቀሱ ዋጋ አለው። እንደ ኮምቦልቻ ባሉ የኢንዱስትሪ ከተሞች ለሚሠሩ ሐኪሞች «ሥራህ ምን ነበር?» የሚለው ጥያቄ ከማንኛውም ካሴት ይልቅ ርካሽ ምርመራ ነው።

የባለሙያዎቹ ክርክር

የጠቋሚዎቹ ደጋፊዎች መከራከሪያ ሊናቅ አይገባም። ሲስቶስኮፒ ዩሮሎጂስት፣ ማለትም የሽንት አካላት ሐኪም፣ ያለበት ሆስፒታል ይጠይቃል፤ ባለሙያውም መሣሪያውም ጥቂት ነው። ከላስታ ወይም ከወረኢሉ ገጠር ለሚመጣ ሰው ወረፋውና መንገዱ ራሱ ሕመም ነው። ከደሴ አዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ወቅት የወሎ ሆስፒታሎችና ጤና ጣቢያዎች የደረሰባቸው ዘረፋና ውድመት፣ ከዚያ በኋላም የቀጠለው የጸጥታ ችግር ይህን አክብዶታል። ሽንት ግን ከሰው በፊት ሊሄድ ይችላል። ጥሩ የሽንት ምርመራ ካንሰር የመያዝ ዕድላቸው ዝቅተኛ የሆኑትን ቢለይ፣ ያለው ጥቂት ሲስቶስኮፒ በእርግጥ ለሚያስፈልጋቸው ይውላል።

ተቃራኒው ወገን የሚለውም ጠንካራ ነው። ምርመራው በሳተ ቁጥር የሚከፍለው ታማሚው ነው፤ «ኔጋቲቭ» የሚል ወረቀት ይዞ ወደ ገጠር የተመለሰ ሰው ዳግም የሚመጣው ደሙ ሲበረታ ወይም ሽንቱ ሲዘጋ ነው። በሐሰት «ፖዘቲቭ» የሚባሉት ደግሞ ያንኑ ጥቂት መሣሪያ ያጨናንቃሉ። ለካሴትና ለካርትሪጅ (ናሙና ተጨምሮበት ማሽን ውስጥ ለሚገባ የምርመራ ዕቃ) በየጊዜው የሚወጣው ገንዘብ መሣሪያ ቢገዛበትና ሐኪም ቢሠለጥንበት ለዘለቄታው ይበልጥ ይጠቅማል፤ ሲስቶስኮፒ ጠጠርንም፣ የፕሮስቴት ችግርንም፣ የቱቦ መጥበብንም ያሳያልና።

የዓለም አቀፍ መመሪያዎች አካሄድ ለሁለቱም ቦታ ይሰጣል። የአሜሪካ የዩሮሎጂ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው መመሪያ በማይክሮስኮፕ ብቻ የሚታይ ደም ላለበት ሰው በመጀመሪያው ምርመራ ጠቋሚዎችን አትጠቀሙ ብሎ ነበር። በ2025 ማሻሻያው ግን መካከለኛ ስጋት ላላቸውና ሲስቶስኮፒን ማስቀረት ለሚፈልጉ ሰዎች፣ ከሐኪማቸው ጋር ተመካክረው፣ የተረጋገጠ የሽንት ምርመራ ሊቀርብላቸው እንደሚችል ፈቀደ። በሩ የተከፈተው በጥቂቱ ነው። በዓይን የሚታይ ደም ያለበት ሰው ከዚህ ፈቃድ ውጭ ነው፤ ለእሱ ፊኛው መታየት አለበት።

በእኔ ግምት ለወሎ የሁለተኛው ወገን ክርክር ለመጀመሪያ ምርመራ ይመዝናል። አሁን ያለው ክፍተት የጠቋሚ እጥረት ከመሆኑ በፊት በደሙና በሲስቶስኮፒው መካከል ያለው መንገድ መበጣጠስ ነው። ሰውየው ደሙን ያያል፤ ጤና ጣቢያ ይሄዳል፤ አንቲባዮቲክ ይሰጠዋል፤ ደሙ ይቆማል፤ ታሪኩ እዚያ ያልቃል። በዚህ መሐል ካሴት ማስገባት ሌላ መቆሚያ ይጨምራል እንጂ መንገዱን አያሳጥርም። መንገዱ የሚያጥረው ዕድሜው የገፋ ሰው ያለ ሕመም ደም ሸናሁ ሲል የጤና ጣቢያው ባለሙያ ሪፈር ሲጽፍለት ነው። ወሎ ለዚህ እንግዳ አይደለም፤ የደቡብ ወሎዋ ተሁለደሬ ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን በአገሪቱ በሙከራ ከተጀመረባቸው ወረዳዎች አንዷ ነበረች፤ መድኑም ከጤና ጣቢያ ወደ ሆስፒታል በሪፈር ወረቀት እንደሚሠራ ሕዝቡ ያውቃል። አልትራሳውንድም ተደራሽ ነው፤ ፊኛው በሽንት ተሞልቶ ከታየ ትልልቅ ዕጢዎችን ሊያሳይ ይችላል። ትንንሾቹንና ጠፍጣፋዎቹን ግን ይስታል፤ «አልትራሳውንዱ ንጹሕ ነው» መባልም ሪፈሩን አያስቀርም።

የቲቢ ማሽን ለካንሰር?

ከሁሉም ምርመራዎች ለአገራችን ሁኔታ ቀረብ የሚለው ኤክስፐርት ብላደር ነው። የሚሠራው የዓለም ጤና ድርጅት ለቲቢ እ.ኤ.አ. በ2010 በደገፈው ጂን ኤክስፐርት በተባለው ማሽን ነው። ማሽኑ በኢትዮጵያ ሆስፒታሎች የአክታ ምርመራ ዋና መሣሪያ ሆኗል፤ የላብራቶሪ ባለሙያዎችም ለምደውታል። ናሙናው በካርትሪጅ ይገባል፤ የቀረውን ማሽኑ በራሱ ይሠራል። ለቲቢ አንድ ካርትሪጅ፣ ለፊኛ ካንሰር ሌላ ካርትሪጅ። ስለዚህ «ማሽኑ አለን» ማለት «ምርመራው አለን» ማለት አይደለም። ካርትሪጁ ለብቻው ተመዝግቦና ተገዝቶ መምጣት አለበት፤ የቲቢ ሕሙማንን ወረፋም ሊሻማ አይገባም። ቢሆንም ሌሎቹ የዘረመል ምርመራዎች አዲስ ላብራቶሪ ሲጠይቁ ይኼኛው ያለውን ይጠቀማል፤ የጤና ቢሮዎች ለወደፊቱ ሊያስቡበት የሚገባ ነው።

ገንዘብ ከፍሎ የሽንት ካንሰር ምርመራ እንዲያደርግ የተጠየቀ ሰው የምርመራውን ስም፣ የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን መዝግቦት እንደሆነና ውጤቱን ተቀብሎ ሲስቶስኮፒ የሚያደርገው ሐኪም ማን እንደሆነ ቢጠይቅ መብቱ ነው። ለሦስተኛው ጥያቄ መልስ ከሌለ ምርመራው ወዴትም አያደርሰውም።

ጠቋሚው በእርግጥ የሚጠቅምበት ቦታ

እስካሁን ያነሳነው ስለ መጀመሪያው ምርመራ ነው። ከሕክምና በኋላ ነገሩ ይለወጣል። ከፊኛ ካንሰሮች ሦስት አራተኛ ያህሉ ሲገኙ ጡንቻ ውስጥ ያልዘለቁ ናቸው፤ በሽንት መውጫ በኩል በሚገባ መሣሪያ ተፍቀው ይወጣሉ። ከዚያ በኋላ ያለው ፈተና ተመልሰው መብቀላቸው ነው። ከግማሽ በላይ በሆኑት ሕሙማን ላይ ይመለሳሉ። ስለዚህ ታካሚው ከቀዶ ሕክምናው በ3ኛው ወር፣ ቀጥሎም እንደ ስጋቱ መጠን በየጊዜው፣ ለዓመታት ሲስቶስኮፒ ያስፈልገዋል። አዲስ አበባ ታክሞ ወደ ቆቦ ወይም ወደ መካነ ሰላም የተመለሰ ሰው ይህን ሁሉ ጉዞ በሕይወቱ፣ በእርሻውና በኪሱ ይከፍላል። ብዙዎች መሐል ላይ ቢያቋርጡ የሚያስደንቅ አይሆንም።

ጠቋሚዎቹ ተስፋ የሚሰጡት እዚህ ነው። ምክንያቱም ቀስ ብሎ የሚያድገው ዕጢ ለጥቂት ወራት ቢያመልጥ የሚያደርሰው ጉዳት አነስተኛ ነው፤ ሊያመልጥ የማይገባው ኃይለኛው ነው። አዳዲሶቹ ምርመራዎች ደግሞ ኃይለኛውን የተሻለ ይይዛሉ። ብላደር ኤፒቼክ በታከሙ ሕሙማን ክትትል ላይ በአውሮፓ ሲጠና ሁሉንም ተመላሽ ዕጢዎች በአንድ ላይ ሲቆጠሩ የያዘው 68 በመቶውን ነበር፤ ላዩ ላይ ያሉት ቀስ የሚሉት ሲወጡ ግን 92 በመቶ ደርሷል። ከዚህ በመነሳት ሲስቶስኮፒና የሽንት ምርመራን በማፈራረቅ የጉዞውን ቁጥር መቀነስ ይቻል እንደሆነ ይጠናል። ፊኛቸው ውስጥ ቢሲጂ ለሚሰጣቸው ሕሙማን ግን ጥንቃቄ ያሻል። ቢሲጂ፣ ሕፃናት ለቲቢ የሚከተቡት ያው ክትባት፣ ፊኛውን አስቆጥቶ ካንሰሩን እንዲዋጋ ስለሚደረግ ቁጣው ራሱ በርካታ ጠቋሚዎችን ያሳስታል።

ይህ ሁሉ የሚሠራው ግን የዕጢው ዓይነት ሲታወቅ ነው። ዕጢው ተፍቆ ሲወጣ የፓቶሎጂ ሐኪሙ በሚጽፈው ወረቀት ላይ ዓይነቱ፣ ዝቅተኛ ወይም ከፍተኛ ደረጃ መሆኑ፣ ምን ያህል እንደዘለቀና በናሙናው ውስጥ ጡንቻ መኖር አለመኖሩ ይሰፍራል። ጡንቻ በናሙናው ካልተገኘ ዕጢው ምን ያህል እንደዘለቀ በእርግጠኝነት ስለማይታወቅ ዳግም መፋቅ ሊያስፈልግ ይችላል። ታክሞ ወደ ወሎ የሚመለስ ሰው ይህን ወረቀት ኦሪጅናሉን ይዞ፣ ኮፒውንም በአካባቢው ላለው ሆስፒታል አስቀምጦ ቢሄድ፣ የሚቀጥለው ሐኪም ቀጣዩን ሲስቶስኮፒ መቼ እንደሚያዝ፣ ነገ የሽንት ጠቋሚ ቢገኝም ውጤቱን ምን ያህል እንደሚያምን የሚወስነው ከዚያ ተነስቶ ነው።